ከባቡሩ መስኮት ያልታየችው መተማ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ስመ ጥሮቹ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኤቭሊን ዎ ናቸው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ለመዘገብ በጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። በ1931 «ሪሞት ፒፕል» የተሰኘውን የጉዞ ማስታወሻ፣ በ1932 «ብላክ ሚስቺፍ» የተሰኘውን ልብ ወለድ አሳተመ። በ1935 የጦርነቱ ዘጋቢ ሆኖ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ቆይታው በ1938 የታተመው «ስኩፕ» ተወለደ። ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላና ስለ አካባቢው ታሪክ ለሚጠይቅ አንባቢ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሮበርት ቺዝማን አንድ መጽሐፍ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። በ1936 ያሳተመው የጣናና የዓባይ መጽሐፍ የሐይቁን ደሴቶችና ገዳማት፣ የወንዙንም መንገድ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ይከተላል። ዋና ጉዳዩ የምዕራብ ጎንደር ቆላዋ የድንበር ከተማ መተማ አይደለችም፤ አገሩን ያየው ግን መተማ ባለችበት በኩል ሆኖ ነው። የሲራራ ነጋዴው ቡናና ሰም ይዞ ወደ ሱዳን የሚወርድባት፣ ባሪያም የተሸጠባት፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩሮች የሰፈሩባት፣ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ለባቡሩ መንገደኛ የሌለች ያህል ነበረች።

«ቺዝማን የቅኝ ገዢ ሹም አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። ነበር። እንግሊዝ የጣናን ውኃ የፈለገችው ለሱዳን የጥጥ እርሻ ነው፤ በ1902ቱ ውል ምኒልክን ያስፈረመችውም፣ በ1925 ከኢጣሊያ ጋር በጓሮ የተስማማችውም ለዚሁ ውኃ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ በሁለተኛው ስምምነት ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላለች። ነገር ግን ውኃን የሚመኝ ሰው በትክክል መለካት ግድ ይለዋል፤ ዓላማውን እያወቅን ልኬቱን መጠቀም እንችላለን። ቀልደኛው ደራሲ ዎ ይህ ግዴታ አልነበረበትም። ልብ ወለድን በታሪክ ሚዛን መመዘን አይገባም የሚለው ተቃውሞ ለ«ብላክ ሚስቺፍ» እና ለ«ስኩፕ» ይሠራል፤ አገሮቻቸው ፈጠራ ናቸውና። ዎ በ1936 ለኢጣሊያ ወረራ አድልቶ ለጻፈው የዘገባ መጽሐፍ ግን አይሠራም፤ እርሱ የቀረበው በዓይን ምስክርነት ስም ነው።

የዎና የቺዝማን እውቀት ዋጋ በ1940 ተለየ። እንግሊዝ አርበኞችን ለመርዳት ስትነሣ የኢትዮጵያን ጉዳይ ለሚከታተለው የካርቱም የስለላ ክፍል የጠራችው ቺዝማንን ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ጦሯ ከመተማ ማዶ በሱዳን በኩል ያለችውን ገላባትን ይዞ መተማን ሳይዝ ቀረ።