ከአማልጋም እስከ ዚርኮኒያ፦ የጥርስ መጠገኛ ቁሶች ታሪክና ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በአገራችን ጥርሱን የታመመ ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣው በኋላ ነው። ጨውና ቅርንፉድ ተሞክረው፣ ጉንጩ አብጦ ሲመጣ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ይነቀልልኝ» ይላል። ባለሙያው ግን ጉጠት ከማንሣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ ጥርስ ሊጠገን ይችላልን? የሚጠገን ከሆነስ በምን ዓይነት ቁስ?

የዚህ ጥያቄ መልስ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ለውጦች በቅደም ተከተል ይቃኛል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቅኝቱን ከመጀመራችን በፊት አንድ መሠረታዊ እውነት ማስታወስ ይገባል። የተሰበረ አጥንት ይጠግጋል፤ የቆሰለ ቆዳ ይሽራል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን የሆነው ኢናሜል ግን፣ የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ አንዴ ከተቆረጠ ተመልሶ አያድግም። ስለዚህ ማንኛውም የመጠገኛ ቁስ ሊመዘን የሚገባው በጥንካሬው ወይም በውበቱ ብቻ አይደለም። እርሱን ለማስቀመጥ ስንል ምን ያህል ጤናማ ጥርስ እንሠዋለን የሚለውም መለኪያ ሊሆን ይገባል። የቁሶቹን ታሪክ በዚህ ዓይን ስናየው መልኩ ይለወጣል።

ጥርስ ለቁሱ ሲባል የተቆረጠበት ዘመን

ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው ሥራው የጥርስ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ለማድረግ ትልቅ እርምጃ ወስዷል። ይሁን እንጂ በዘመኑ የተቦረቦረ ጥርስ ይሞላ የነበረው በቆርቆሮ፣ በእርሳስና በወርቅ ቅጠል ነበር። ወርቁ ውድ ነው፤ አሞላሉም ረጅም ሰዓት ይፈጃል።

በ1826 ፓሪስ ውስጥ ኦጉስት ታቮ ከብር ሳንቲም የተፋቀን ዱቄት ከሜርኩሪ (ከባዜቃ) ጋር ለውሶ የጥርስ መሙያ አቀረበ። አማልጋም የምንለው ይህ ውህድ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ቆይቶም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በ1833 ክራውኮር በሚባሉ ወንድማማቾች አማካይነት ወደ ኒውዮርክ ሲገባ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ አማልጋም ላለመጠቀም በፊርማቸው ቃል እንዲገቡ እስከ ማስገደድ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የወርቅ ዋጋ መክፈል የማይችለው ሕዝብ አማልጋምን መረጠ። ማኅበሩ ግዴታውን በ1850 ቢሽርም መከፋፈሉ አልዳነም፤ በ1856ም ፈረሰ። ውዝግቡ የሜርኩሪ መርዛማነት ብቻ ሳይሆን የገቢ ጉዳይም እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ።

አማልጋምን በሳይንሳዊ መሠረት ላይ ያቆመው አሜሪካዊው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ነው። በ1890ዎቹ የብርና የቆርቆሮውን መጠን አመጣጥኖ፣ ሲጠጥር የማይኮማተርና የማያብጥ ውህድ አገኘ። ከዚሁ ጋር ቦታው እንዴት መከፈት እንዳለበት የሚደነግግ ሥርዓት አስተማረ። አማልጋም ከጥርስ ጋር አይጣበቅም፤ እንዳይወድቅም ከውስጥ ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። በተጨማሪም ብላክ፣ ብስባሹ ወደፊት ሊስፋፋ ይችላል ብሎ የሚያስበውን ጤናማ ስንጥቅ ሁሉ አብሮ መክፈትን ይመክር ነበር። በዘመኑ ዕውቀት ምክንያታዊ የነበረው ይህ ትምህርት ብዙ ጥርሶችን አትርፏል፤ ዳሩ ግን ብዙ ጤናማ ጥርስም አስቆርጧል።

ወርቅና የሲኒ ሸክላ

ጥርሱ በጣም ሲጎዳ መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ ጥርሱን ከላይ የሚያለብስ ክራውን ያስፈልጋል። በ1907 ዊልያም ታጋርት በሰም የተቀረጸን ሞዴል በማቅለጥ፣ ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ ወርቅ የማፍሰስን ዘዴ ለጥርስ ሐኪሞች አስተዋወቀ። የጥንት አንጥረኞች የሚያውቁት ጥበብ በዚህ መልክ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ገባ።

ወርቅ ግን ጥርስ አይመስልም። የዲትሮይቱ ቻርልስ ላንድ ሲኒ ከሚሠራበት ሸክላ ጋር በሚዛመደው በፖርስሌን የተሠራ ክራውን በ1903 አቀረበ። መልኩ ያማረ ቢሆንም እንደ ሲኒ ተሰባሪ ነበር። መፍትሔ የተገኘው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ፖርስሌንን ከብረት ጋር አንድ ላይ የማጋገር ዘዴ የባለቤትነት መብት በ1962 ተመዘገበ። ጥንካሬው ከብረቱ፣ መልኩ ከፖርስሌኑ ሆነ።

ይሁን እንጂ ለብረቱም ለፖርስሌኑም ቦታ ለማግኘት ጥርሱ ዙሪያውን መሞረድ ነበረበት። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለፊት ጥርስ ሙሉ ክራውን ሲዘጋጅ ከሚታየው የጥርስ ክፍል በክብደት ከ63 እስከ 72 በመቶ የሚሆነው እንደሚወገድ አሳይቷል። በአንጻሩ በፊት ለፊት ገጽ ላይ ብቻ ለሚለጠፍ ስስ ሴራሚክ የሚወገደው ከ3 እስከ 30 በመቶ ነው። ታማሚው የሚያየው የሚያምረውን ክራውን ነው፤ የተሞረደው ጥርስ ግን ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል።

የ1955ቱ ለውጥ

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከአዲስ ቁስ ሳይሆን ከአዲስ ሐሳብ ነው። በሮቼስተር ይሠራ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር በ1955 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ኢናሜልን ለ30 ሴኮንድ በ85 በመቶ ፎስፈሪክ አሲድ ማከም አክሪሊክ ሙጫ በላዩ አጥብቆ እንዲይዝ እንደሚያደርግ ገለጸ። አሲዱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይፈጥራል፤ ሙጫው ወደ እነርሱ ሰርጎ ሲጠጥር እንደ ሥር ይይዛል። በ1962 ራፋኤል ቦወን የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሙጫ ከመስታወት መሰል ዱቄት ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ኮምፖዚት ለምንለው መሙያ መሠረት ሆነ። በ1982 ደግሞ ጃፓናዊው ናካባያሺና ባልደረቦቹ ሙጫ ከዴንቲን ጋር የሚተሳሰርበትን ንብርብር አብራሩ።

ከዚህ በኋላ ጉድጓዱን ለቁሱ ሲባል ማስፋት አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። የበሰበሰውን ብቻ ጠርጎ የቀረውን መተው ተቻለ። ቀድሞ ጥርሱ ለቁሱ ይታረቅ ነበር፤ አሁን ቁሱ ለጥርሱ ይታረቅ ጀመር።

ኮምፖዚት የራሱ ግዴታዎች አሉት። ሲጠጥር ይኮማተራል፤ በምራቅ ወይም በደም ከረጠበ ቦታ ላይ በደንብ አይጣበቅም፤ ማጠጠሪያው መብራትም ኃይል ይፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበትን ውኃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ኢናሜልም አሲዱን የመቋቋም ጠባይ ስላለው፣ በዚያ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ኮምፒዩተርና ዚርኮኒያ

ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዱሬ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው የዲጂታል ልኬት ሐሳብ በ1985 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ፍሬ አፈራ። ቬርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ ጥርሱን በካሜራ ቀርጸው፣ በኮምፒዩተር ነድፈው፣ ታማሚው ከወንበር ሳይነሣ የሴራሚክ መሙያ ፈልፍለው አስቀመጡ።

ለዚህ ቴክኖሎጂ የተስማማው ቁስ ዚርኮኒያ ነው። በ1975 ጋርቪና ባልደረቦቹ «የሴራሚክ ብረት» እስከ ማለት ያደረሳቸው ጠባዩ፣ ስንጥቅ ሲጀምረው በስንጥቁ ጫፍ ያሉት ቅንጣቶች ቅርጻቸውን ለውጠው በማበጥ ስንጥቁን መጭመቃቸው ነው። ክራውኑ የሚፈለፈለው ቁሱ ገና እንደ ጠመኔ ለስላሳ ሳለ ነው። በምድጃ ሲጋገር 20 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ አግዝፎ ይፈለፍለዋል።

ዚርኮኒያ ብረት ስለማያስፈልገው ቀጭን ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ይህም ጥርስ ይቆጥባል። ሆኖም በውስጡ መስታወት ስለሌለው ሌሎች ሴራሚኮች በአሲድ በሚታከሙበት መንገድ አይታከምም፤ ማጣበቁም የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። በመሆኑም ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንደ ጥንቱ በተሞረደው ጥርስ ቅርጽ ነው። ከሁሉ የጠነከረው ቁስ ወደ አሮጌው ሕግ በከፊል መልሶናል ማለት ይቻላል።

ከታንዛኒያ የመጣው ትምህርት

ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የተጀመረው ጎረቤት በምንላት ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በለንደን የመንግሥት ላቦራቶሪ ዊልሰንና ኬንት የሠሩት ግላስ አዮኖመር በ1972 ለሙያው ይፋ ሆኖ ነበር። ይህ ቁስ ያለ ሙጫ በጥርሱ ካልሲየም ላይ ይጣበቃል፤ ፍሎራይድም ይለቃል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ፣ ጆ ፍሬንከን የተሳተፈበት ቡድን ኤሌክትሪክና መሰርሰሪያ በሌለበት ቦታ ጥርስን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ፣ በሚጣበቅ ቁስ የመሙላትን ዘዴ ጀመረ። ዘዴው በ1990ዎቹ በታይላንድና በዚምባብዌ በግላስ አዮኖመር ተፈተነ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 የዓለም ጤና ቀን አስተዋወቀው። በአንድ ገጽ ብቻ ባለ ቀዳዳ ላይ ውጤቱ መልካም ነው፤ ብዙ ገጽ በሚነካ ትልቅ ቀዳዳ ላይ ግን ይደክማል። በ2021 ግላስ አዮኖመር በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ይህ ዝርዝር ከአማልጋም መውጣት ጋር ይያያዛል። በ2013 የተፈረመውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት፣ ሜርኩሪ አካባቢን ስለሚበክል የአማልጋም አጠቃቀም እንዲቀንስ ጠይቋል። የአውሮፓ ኅብረትም፣ ውሱን የሕክምና ምክንያት ካልኖረ በስተቀር፣ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ አግዶታል። እርጥበትንና ጥድፊያን የሚችለው ይህ ርካሽ መሙያ ሲወጣ በቦታው የሚተካ ነገር ካልተዘጋጀ፣ ቦታውን የሚይዘው ጉጠት ይሆናል።

ማጠቃለያ

የሁለት መቶ ዓመቱ ጉዞ በአጭሩ ከመቁረጥ ወደ መቆጠብ የተደረገ ጉዞ ነው። የዙሪኩ ኮምፒዩተርና የታንዛኒያው የእጅ መሣሪያ በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም፣ የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ ይኸውም ምን ያህል ጤናማ ጥርስ አተረፉ የሚለው ነው። ክራውን፣ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ አብዛኛው አካሉ ለጠፋ ጥርስ የሚሰጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ገና ትንሽ ሳለ የታየ ቀዳዳ ግን ዚርኮኒያም ወርቅም አይፈልግም፤ ወደ አፍ ውስጥ የሚመለከት ዓይን ይበቃዋል። ያ ዓይን የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ሕፃን ለክትባት ስታመጣ እናትን የሚቀበለው ነርስም፣ በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም «እስቲ አፍህን ክፈት» ለማለት የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።