የሥነ ፈለክ ሌንሶች ፍተሻ

የሥነ ፈለክ ሌንሶች ፍተሻ በትእዛዝ የሚሠሩ የቴሌስኮፕ ሌንሶችና መስተዋቶች ብርሃንን በሚፈለገው ጥራት አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰባቸውን የማረጋገጥ ሥራ ነው። በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሎርድ ሬይሊ መመዘኛ መሠረት ከሌንሱ የሚወጣው ሞገድ ከትክክለኛ ቅርጹ ሊዛነፍ የሚፈቀድለት የሞገድ ርዝመቱን ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ በአረንጓዴ ብርሃን ሲሰላ 140 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል።

ቀላሉ ዘዴ ሌንሱን ወደ ኮከብ አዙሮ ማየት ነው። አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የታዘዘውን 47 ሴንቲ ሜትር ሌንስ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1862 በሲሪየስ ላይ ሲሞክር፣ ከኮከቡ አጠገብ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላየውን ደብዛዛ አጃቢ ኮከብ አገኘ። ሌንሱ ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ላዘዘው ዩኒቨርሲቲ ሳይደርስ ቺካጎ ገባ።

ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው የስለት ፍተሻ የሚጠይቀው መብራትና ምላጭ ብቻ ነው። በጠባብ ቀዳዳ የወጣ ብርሃን ከመስተዋቱ ተንጸባርቆ በሚሰበሰብበት ቦታ ምላጩ ቀስ ተብሎ ይገባል። ገጹ ፍጹም የሉል ቅርጽ ካለው ሁለመናው ባንድ ጊዜ ይጠቁራል፤ እንከን ካለበት ግን ማታ ፀሐይ በጎን እንደምትመታው ተራራማ አገር ጉብታውና ጎድጓዳው ይለያል። ብርጭቆውን በጣት ነካ ቢያደርጉት እንኳ የጣቱ ሙቀት የፈጠረው እብጠት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይታያል።

ዛሬ ፋብሪካዎች የሚተማመኑት የሞገዱን መዛነፍ በሌዘር ብርሃን ለክቶ በቁጥር በሚሰጠው ኢንተርፌሮሜትር ነው። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ሆኖም በአንድ ቀለም የተለካ ሌንስ በቀይና በሰማያዊ ብርሃን ምን እንደሚሆን አይናገርም። መስተዋት ይህ ችግር የለበትም።

መፈተሻው ራሱ ሲሳሳትስ? የሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር መስተዋት የተወለወለው በኮነቲከት በፐርኪን-ኤልመር ኩባንያ ነበር። በዋናው መፈተሻ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ርቆ በመገጠሙ የመስተዋቱ ጠርዝ ከሚገባው በላይ 2.2 ማይክሮሜትር ያህል ተሞረደ። ሌሎች መፈተሻዎች እንከኑን አሳይተው ነበር፤ ዋናው የበለጠ ትክክል ነው ተብሎ ውጤታቸው ተናቀ። ቴሌስኮፑ በ1990 መጥቆ የላካቸው ምስሎች ደብዛዛ ሆኑ። በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ማረሚያ ገጠሙለት፤ መስተዋቱ ግን ከነእንከኑ እዚያው አለ።