ሜዲካል አፌርስ

ሜዲካል አፌርስ (የሕክምና ጉዳዮች ክፍል) በመድኃኒት አምራች ኩባንያዎች ውስጥ ስለ አንድ መድኃኒት ሳይንሳዊ መረጃ የሚያሰባስብ፣ የሚያጣራና ለሐኪሞች፣ ለፋርማሲስቶችና ለጤና ባለሥልጣናት የሚያቀርብ የሥራ ዘርፍ ነው። በምርምርና በሽያጭ ክፍሎች መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ ከሽያጭ የሚለየው የሠራተኞቹ ክፍያ በተሸጠው መድኃኒት መጠን እንዳይለካ በመደረጉ ነው። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ተጠብቆ ኖሯል ማለት ግን አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ታሊዶማይድ የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱ ነፍሰ ጡሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ ከተወለዱ በኋላ፣ አሜሪካ በ1962 ባወጣችው ሕግ አምራቾች የመድኃኒታቸውን ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ፈዋሽነቱንም በጥናት እንዲያረጋግጡ አስገደደች። በ1967 አፕጆን የተባለው ኩባንያ ከሐኪሞች ጋር በሳይንስ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሠራተኞችን አሰማራ። ሜዲካል ሳይንስ ሊኤዞን የሚባለው ሙያ የተጀመረው በዚህ ነው።

ለረጅም ጊዜ ክፍሉ የሽያጩ ረዳት ሆኖ ቆይቷል። ፋይዘር በ2009 2.3 ቢሊዮን፣ ግላክሶስሚዝክላይን በ2012 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙባቸው ክሶች መድኃኒትን ካልተፈቀደለት በሽታ ጋር አያይዞ ማስተዋወቅን ይጨምሩ ነበር። እንዲህ ያሉ ክሶች ኩባንያዎች ሁለቱን ክፍሎች ይበልጥ እንዲለያዩ ገፍተዋል። ዛሬ ሜዲካል አፌርስ ለጥያቄ መልስ ከመስጠት አልፎ፣ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ምን ይጠና፣ በማን ላይ ይጠና የሚለውን እስከ መወሰን ይደርሳል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መድኃኒትንና የመድኃኒት ማስታወቂያን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚሠራው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጤና ባለሙያዎች ያዩትን የጎንዮሽ ጉዳት በቢጫ ቅጽ ሞልተው ለዚሁ መሥሪያ ቤት ይልካሉ። የውጭ አምራቾች በአመዛኙ በአገር ውስጥ ወኪሎችና አስመጪዎች በኩል ስለሚሠሩ፣ ራሱን የቻለ ሜዲካል አፌርስ ክፍል ብዙም የተለመደ አይደለም። እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሉ የገጠር ወረዳዎች ስለ አንድ መድኃኒት ለሕዝቡ የሚያስረዳው ይልቁንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው።

በእነዚህ አካባቢዎች የዘርፉን ሥራ በቅርብ የሚያሳየው፣ በዚህ ስም ባይጠራም፣ የትራኮማ መድኃኒት እደላ ነው። ትራኮማ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እያጠፈ ዓይንን እስከ ማሳወር የሚደርስ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ የአማራ ክልል በዓለም በእጅጉ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ፋይዘር ከኤድና ማኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ጋር በ1998 ባቋቋመው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ተነሳሽነት በኩል ዚትሮማክስ የተባለውን አዚትሮማይሲን በነፃ ይሰጣል። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ያድላል፤ ከ2008 ጀምሮም የወባና የትራኮማ ዘመቻ በአንድ ሳምንት የሚካሄድበት «ማልትራ» ተጀመረ።

በመንደር እያንዳንዱን ሰው መመዘን አይመችም። ስለዚህ የመድኃኒቱ መጠን በቁመት መለኪያ ዘንግ ይወሰናል፤ አዋቂ እስከ 1 ግራም በአንድ ጊዜ ይውጣል፣ ትንንሽ ልጆች ሽሮፕ ይሰጣቸዋል፣ ስድስት ወር ያልሞላቸው ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። ልጅን በግድ ማስዋጥ ስለሚያንቅ የተከለከለ ነው። በወረቀት ላይ ያለ የመድኃኒት መረጃ ወደ መንደር የሚወርደው እንዲህ ባሉ ቀላል መመሪያዎች ነው።

ያልተጠበቀው ውጤት

አባይ ከደቡብ ጎንደር በሚለየው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ከ2006 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ከካርተር ማዕከል ጋር አንድ ጥናት አካሄዱ። ጥናቱ የተነደፈው ለዓይን ሕመሙ ነበር። ሞት ሲቆጠር ግን፣ ከ1000 ልጆች በዓመት የሞቱት ገና መድኃኒት ባልታደለባቸው መንደሮች 8.3፣ በታደለባቸው 4.1 ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ግኝቱ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ወደ ተደረገ ሰፊ ሙከራ መራ፤ በ2018 የወጣው የዚያ ሙከራ ውጤት የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱን አሳየ። መጠኑ ከጎንቻው እጅግ ያነሰ ነው፤ አንድ ጥናት ብቻ ይዞ መሮጥ ለምን እንደማይበጅ ያሳያል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መድኃኒቱ ከአምራቹ ቢመጣም ጥናቱን የመሩት ከኩባንያው ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች መሆናቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ያወጣው መመሪያ ጠባብ ነው፤ ተህዋስያን መድኃኒቱን እንዳይለምዱት በመስጋት፣ እደላው የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ከ1 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት ብቻ እንዲታሰብ ይላል። ለንግድ ብቻ የሚያስብ ክፍል እንዲህ ያለ ገደብ በራሱ ፈቃድ ያበጃል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ትራኮማው ራሱ ግን አልጠፋም። በአማራ ክልል ከብዙ ዓመታት እደላ በኋላም በበርካታ ወረዳዎች በልጆች ላይ ከ5 በመቶው መመዘኛ በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ መድኃኒቱን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መስጠት ይሻል እንደሆነ የሚፈትኑ ጥናቶች ተከትለዋል።