ማስታወስ ያቃተውን ወላጅ ስለ መጦር

ወላጅን መጦር ከልጅ የሚጠበቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ተጧሪው ጧሪውን ለይቶ ማወቅ ሲሳነው፥ ይልቁንም የጎረሰውን መዋጥ ሲረሳ፥ ልጅ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ሐኪሞችና ቤተ ሰቦች እንዴት እንደ መለሱት ታሪኩ ያስረዳል፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በ1901 ዓመት በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ስሟን ቢጠይቃት «አውጉስተ» አለች፤ የባሏን ስም ቢጠይቃትም ያንኑ «አውጉስተ» ብላ መለሰች። በ1906 ዓመት ሞተች፤ አልዛይመርም አንጎሏን መርምሮ ያገኘውን በዚያው ዓመት በቱቢንገን ለሐኪሞች ጉባኤ ተናገረ። በ1910 ዓመት ኤሚል ክሬፐሊን በመጽሐፉ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። ሆኖም ይህ ስም ሳይሸመግሉ ለሚታመሙ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲሰጥ ብዙ ዘመን ኖረ፤ የሽማግሌ መርሳት ግን የዕድሜ ነገር ነው እየተባለ ይታለፍ ነበር። በ1976 ዓመት አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትስማን ሁለቱ አንድ በሽታ እንደ ሆኑ፥ ብዙ ሰውም እንደሚገድል ጻፈ።

ከዚያም በ1979 ዓመት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሚካኤል ጋውደረርና ጄፍሪ ፖንስኪ የሚባሉ ሐኪሞች ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ ወደ ጨጓራ የምግብ ቱቦ የሚያስገቡበትን ዘዴ አገኙ። በመጀመሪያ የታሰበው ለሕፃናት ነበር። ሥራው ቀላል ስለ ሆነ ግን ቱቦው ወደ ሽማግሌዎች አልጋም ደረሰ። እናቱ አፏን በዘጋች ጊዜ «በረኃብ ልትሞትብኝ ነውን?» ብሎ ለሚጨነቅ ልጅ፥ ቱቦው መልስ መሰለው።

ነገሩ ግን እንደ ተመሰለው አልሆነም። በ1999 ዓመት ቶማስ ፊኑኬንና ባልደረቦቹ የተጻፉትን ጥናቶች መርምረው፥ ቱቦው ለእንደነዚህ ያሉ ሕሙማን ዕድሜ እንደሚያረዝም ወይም የሳንባ ምች እንደሚከለክል ማስረጃ አለማግኘታቸውን ገለጡ። ቱቦ ቢኖርም ምራቅና ከጨጓራ የሚመለሰው ነገር ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላልና። ሕመምተኛውም ቱቦው ለምን እንደ ገባ ስለማያውቅ ይነቅለዋል፤ እንዳይነቅለውም እጁ የሚታሰርበት ጊዜ አለ። በ2009 ዓመት ደግሞ ሱዛን ሚቸልና ባልደረቦቿ በቦስተን አካባቢ በ22 የመጦሪያ ቤቶች የነበሩ 323 ሕሙማንን 18 ወር ተከታትለው፥ ከመቶው 86 የሚያህሉት መብላት እንደ ተቸገሩ አሳዩ። እንግዲህ በዚህ ደረጃ መብል መተው የበሽታው መንገድ እንጂ የልጅ ቸልተኝነት አይደለም።

ሌላው መንገድ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በ1967 ዓመት ሲስሊ ሳውንደርስ በሎንዶን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፍታ፥ የማይድን ሕመምተኛ ሥቃዩ ሊቀልለት እንደሚችል በሥራ አስመሰከረች። ላዲስላቭ ቮሊትሰርና ባልደረቦቹ ይህን አሳብ በማሳቹሴትስ በቤድፎርድ ባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ለአልዛይመር ሕሙማን አዋሉት፤ በ1986 ዓመትም ጽፈው አስታወቁ። በዚያም የሕክምናው ልክ ከቤተ ሰብ ጋር በመመካከር ይወሰን ነበር። ሕመሙን መናገር ለማይችል ሰውም ቮሊትሰር ከሌሎች ጋር በ2003 ዓመት መለኪያ አወጣ፤ ይኸውም አተነፋፈስን፥ የማቃሰት ድምፅን፥ ፊትን፥ የሰውነትን ሁኔታና ሲያባብሉት መጽናናቱን አይቶ እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥ ነው።

በ2014 ዓመት የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በቱቦ ፈንታ በጥንቃቄ በእጅ ማጉረስን መከረ። በዚያች አገር በመጦሪያ ቤቶች በሽታው ከጸናባቸውና ራሳቸውን ችለው መብላት ካቃታቸው ሕሙማን ቱቦ የሚገባላቸው በ2000 ዓመት ከመቶው 12 ያህል ነበሩ፤ በ2014 ዓመት ወደ 6 ያህል ወረዱ።

ቱቦን መተው ግን ወላጅን መተው አይደለም፤ ሥራው እንዲያውም ይበዛል። ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፥ ጉርሻውን ማሳነስ፥ እስኪውጥ መታገሥ፥ አፉን ሲዘጋ ማቆም፥ የደረቀ ከንፈሩን ማርጠብ፥ ገላው እንዳይቈስል ማገላበጥ ያስፈልጋል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ክብደት መጨመር ሳይሆን ጣዕምና ዕረፍት መስጠት ነው። ወላጅ ልጁን ባያውቀውም፥ ልጅ ወላጁን ያውቀዋልና።