ዓይነ ደረቅ ማን ነው?

በአገራችን “ዓይነ ደረቅ” ስድብ ነው። ሳያፍር የሚዋሽ፣ እጅ ከፍንጅ ተይዞም የሚሟገት፣ ይሉኝታ ያልፈጠረበት ሰው ዓይነ ደረቅ ይባላል። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን አንዷ ከዓይን ሐኪም ተመልሳ “ዓይነ ደረቅ ነሽ ተባልኩ” ስትለን፣ መጀመሪያ የጠየቅናት “ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?” ብለን ነበር።

ጠብ አልነበረም። ለወራት ዓይኗ አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁራትና ሲቀላ፣ ደግሞም ሲያነባ ከርሟል። አዎ፣ ሲያነባ! የደረቀ ዓይን እንዴት ያለቅሳል? ነገሩ ወዲህ ነው። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ጭስ እንደገባበት ሁሉ በድንገት ውሃ ያጎርፋል። ያ ውሃ ግን ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም። ደህና እንባ ውሃ ብቻ አይደለማ! ከላይ ቶሎ እንዳይተን የሚያደርገው ስስ ዘይት፣ ከሥር ደግሞ ከዓይን ጋር የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር አለው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዓይን ይደርቃል።

ሐኪሙ ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይኗ ቆብ ላይ ሰክቶ 5 ደቂቃ አስቀመጣት። ወረቀቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራሰ ለካና ፍርዱን ሰጠ። እኛም እንደ ልማዳችን ወሬውን ይዘን ወደ ኋላ ቆፈርን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱን ያስተዋወቀው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦቶ ሺርመር ነው፤ በ1903። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ወረቀቱ ከሥራ አልወጣም። በ1933 ደግሞ ስዊድናዊው ሄንሪክ ሾግረን ዓይናቸውና አፋቸው የደረቀ፣ መገጣጠሚያቸውንም የሚያማቸው ሴቶችን አጥንቶ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። የዓይን መድረቅ የመላ ሰውነት ሕመም አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል ማለቱ ነበር። ፈታኞቹ ግን ብዙም አልተደነቁም። የሰጡት ውጤት ዝቅ ያለ ስለነበር በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃውን ማዕረግ ሳያገኝ ቀረ። ዛሬ ሕመሙ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሕክምናው ሐሳብ አንድ ነበር፦ ደርቋል? አርጥበው! ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ ይደረጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደርቃል፤ እንደገና ጠብ ይደረጋል። “ለምን ደረቀ?” የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ማንም ባልጠበቀው መንገድ ነው።

በ1969 ሳንዶዝ የተባለው የስዊዘርላንድ መድኃኒት ኩባንያ ሠራተኞቹ ለእረፍትም ሆነ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ትንሽ አፈር ይዘው እንዲመለሱ ያደርግ ነበር። አዲስ አንቲባዮቲክ ፍለጋ መሆኑ ነው። ከኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ በመጣ አፈር ውስጥ አንድ ሻጋታ ተገኘ። ከሻጋታው የወጣው ንጥረ ነገር ለአንቲባዮቲክነት እምብዛም አልሆነም። በ1972 ግን የሰውነትን የመከላከል ኃይል የማብረድ ችሎታ እንዳለው ታወቀ። ሳይክሎስፖሪን ይህ ነው። በ1983 በአሜሪካ ሲፈቀድ የሰው ኩላሊትና ልብ የተተከለለት በሽተኛ አዲሱን አካል “ባዕድ ነው” ብሎ እንዳያባርረው የሚረዳ ትልቅ መድኃኒት ሆነ።

ታዲያ ከእንባ ጋር ምን አገናኘው? ውሾች!

በ1980ዎቹ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ዓይን ሐኪም የነበረችው ሬኔ ካስዋን ዓይናቸው የደረቀ ውሾችን ታክም ነበር። የውሾቹን የእንባ ዕጢ የሚያጠቃው የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ከሆነ፣ ያንን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ዓይናቸው ላይ ጠብ ቢደረግስ? ሳይክሎስፖሪንን በዘይት አሟሙታ ሞከረችው። የውሾቹ እንባ ተመለሰ። በ1995 የውሾቹ ቅባት በአሜሪካ ተፈቀደ።

የሰው ተራ የደረሰው ከ7 ዓመት በኋላ ነው። አለርጋን የተባለው ኩባንያ ሬስታሲስ ብሎ የሠራው ጠብታ በታኅሣሥ 2002 የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ። ሳይክሎስፖሪን ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ የተቀመመው በጉሎ ዘይት ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መድኃኒቱ ተአምር አልነበረም። ከተጠቃሚዎቹ መካከል በዚያ በሺርመር ወረቀት ሲለኩ እንባቸው በ10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የጨመረው ከመቶ 15ቱ ናቸው፤ መድኃኒቱ የሌለበትን ጠብታ ከተጠቀሙት ደግሞ ከመቶ 5ቱ። ለውጡ ወራት ይፈልጋል፤ ብዙዎችንም ያቃጥላል። ትልቁ ነገር ሐሳቡ ነው። የዓይን መድረቅ የውሃ እጥረት ብቻ ሳይሆን ዓይን ውስጥ የሚነድ ቁጣም እንደሆነ፣ ቁጣውም በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥ መድኃኒት ሊበርድ እንደሚችል ታወቀ።

ገንዘቡም ታወቀ። ጠብታው በ2016 ብቻ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ቀደም ያለው የባለቤትነት መብት በ2014 ሲያበቃ ኩባንያው እስከ 2024 የሚያደርሱ አዳዲስ መብቶችን አውጥቶ ነበር። ርካሽ አቻውን ለመሥራት የሚፈልጉ ኩባንያዎች እነዚህን መብቶች ሲቃወሙ፣ አለርጋን በመስከረም 2017 ያልታሰበ ነገር አደረገ። መብቶቹን በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ለሚኖረው የሴንት ሪጂስ ሞሃውክ ነባር ሕዝብ አስተላለፈና መልሶ ተከራያቸው! ሕዝቡ ሉዓላዊ ስለሆነ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ሊመረምራቸው አይችልም ነው ነገሩ። ለውለታው 13.75 ሚሊዮን ዶላር በእጅ፣ በየዓመቱ ደግሞ እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ተባለ።

ነባሮቹን ሕዝቦች አንወቅስም። ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገቢ የሚፈልግ ማኅበረሰብ የመጣለትን ሲሳይ ቢቀበል ምን ይገርማል? እኛን ያስገረመን የሐሳቡ ድፍረት ነው። ፍርድ ቤትም አልቀበለውም። በጥቅምት 2017 በቴክሳስ ዳኛ ዊልያም ብራይሰን መብቶቹን ውድቅ አደረጉ፤ በ2018 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና፤ ሉዓላዊነት ከምርመራ አያስጥልም ብሎም ወሰነ። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ርካሽ አቻ የተፈቀደው በየካቲት 2022 ነበር። ጠብታው ከወጣ ወደ 20 ዓመት ገደማ ማለት ነው!

በዚህ መሐል ሌሎችም መጡ። በ2016 የዓይንን ቁጣ በሌላ መንገድ የሚገታው ሊፊተግራስት፤ በ2021 ሲጋራ ለማስተው ይታዘዝ የነበረው ቫረኒክሊን በአፍንጫ ተነፍቶ እንባ እንዲያስመጣ ተደርጎ፤ በ2023 ውሃ የሌለበት፣ ትነትን የሚከላከል ጠብታ፤ በ2025 ደግሞ ዓይን ቅዝቃዜን የሚያውቅበትን ነርቭ ቀስቅሶ እንባ የሚያስመጣው አኮልትሬሞን።

እኛ ይህን የምንጽፈው ዓይን በትራኮማ ከሚጠፋባቸው አገሮች ግንባር ቀደም በሆነችው ኢትዮጵያ ሆነን ነው። የትራኮማ ጠባሳ ራሱ እንባ የሚያመነጩ ዕጢዎችን ያበላሻል። ስለዚህ “ደረቅ ዓይን የኮምፒውተር ልጆች ቅምጥልነት ነው” የሚለን ካለ፣ ገጠር ያሉ እናቶቻችንን ይጠይቅልን።

ጓደኛችን ለጊዜው የታዘዘላት ሰው ሠራሽ እንባና ምክር ነው። ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን መጨፈን ይረሳልና “ጨፈን ክፈት አድርጊ” ተብላለች። እናንተስ ይህን ስታነቡ ስንት ጊዜ ጨፈናችሁ?

ስድቡን በተመለከተ ግን ተስማምተናል። ዓይኑ የደረቀ ሰው ዓይነ ደረቅ አይደለም። ዓይነ ደረቅስ የሰውን እንባ ዋጋ ለማስወደድ ሉዓላዊነት የሚከራይ ነው።