አረንጓዴው ሳጥን የማን ነበር?

በአገራችን የጠመንጃ ስም ራሱ የባዕድ እጅ ያለበት ነው። ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጣ ስም ነው፤ ክላሽንኮቭም የሰው ስም ነው። በዚህ ልማድ አሮጌ የጥይት ሳጥን በተገኘ ቁጥር «ይሄ የእገሌ መንግሥት እርዳታ ነው» ብለን እንፈርዳለን። ፍርዱ ግን ይቸኩላል። ሳጥኑ የትና መቼ እንደተሠራ ይመሰክራል እንጂ በማን በኩል እንደመጣ አይናገርም።

የሶቭየቱን የክላሽ ጥይት ሳጥን ቀረብ ብለን እንየው። አረንጓዴ የተቀባ ጣውላ ሆኖ በውስጡ አየር እንዳያስገቡ የታሸጉ፣ እንደ ሳርዲን ጣሳ በመክፈቻ የሚቀደዱ ሁለት ቆርቆሮዎች አሉት። ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም፣ በሲሪሊክ ፊደል የጥይቱ ዓይነት፣ የምርት ዙሩ፣ የዓመቱ ሁለት አኃዝና የፋብሪካው ቁጥር ይታተማል፤ ከነዚህ ጋር የባሩዱ ዙርና ብዛቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1,320፣ ይሰፍራል። ቁጥር 17 ባርናውል፣ 188 ኖቮሲቢርስክ፣ 60 የዛሬዋ ቢሽኬክ፣ 270 ደግሞ ሉሃንስክ ነው። በዛሬው ካርታ «የሩሲያ ጥይት» የምንለው የኪርጊዝና የዩክሬንም ነው ማለት ነው። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ይታወስ፤ «77» የእኛ 1969 ወይም 1970 ነው። ጣውላው ለሌላ ጭነት ወይም ለመቀመጫ ስለሚውል ከሳጥኑ ይልቅ ቆርቆሮውን፣ ከቆርቆሮውም ይልቅ ቀለሃው ቂጥ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ማመን ይሻላል።

አሁን «74» የሚል ሳጥን ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ እንበል። ሞስኮ በሐምሌ 1966 ከሶማሊያ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርማ የዚያድ ባሬን ጦር ታስታጥቅ ነበር፤ ሶማሊያ ኅዳር 4 ቀን 1970 ሶቭየቶችን ካባረረች በኋላ ደግሞ ግዙፉ የአየር ማጓጓዝ ለኢትዮጵያ ጀመረ። በኢትዮጵያና በሶማሊያ የኦጋዴን ጦርነት ላይ ሁለቱም ወገን የአንድ ፋብሪካ ጥይት ተኩሷል። የካቲት 26 ቀን 1970 በተገኘው የካራማራ ድል የተማረከውም ወደ ኢትዮጵያ መጋዘን ገብቷል። ግብፅም ለሶማሊያ ከራሷ ክምችት በሶቭየት የተሠራ መሣሪያ ሰጥታለች።

«ታዲያ ጽሑፉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። መልሱ፣ ወለሉን ይነግራል ነው፦ ሳጥን ከታተመበት ዓመት በፊት ሊደርስ አይችልም። «79» የሚል ሳጥን ከሞስኮ በቀጥታ ለሞቃዲሾ ተሰጠ ሊባል አይችልም፤ ግንኙነቱ ከዚያ በፊት ተቆርጧልና። ሌላው ሙግት ጠንከር ያለ ነው፤ አንድ ዙርና አንድ ዓመት ያላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሳጥኖች ባንድ ላይ ተደርድረው ከተገኙ የአንድ ጭነት መሆናቸው አይካድም ይባላል። እቀበላለሁ፤ ግን ጭነቱን የመጨረሻ ጊዜ የተረከበው ማን ነው? በመጋቢት 1980 አፋቤት ሲወድቅ የኢትዮጵያ ጦር ክምችት ባለበት ተደርድሮ በሻዕቢያ እጅ ገብቷል። ሻዕቢያን ያስታጠቀችው ሞስኮ ናት ብሎ ከዚያ ክምር የሚደመድም ሰው ከሳጥኑ በላይ ተናግሯል። ዓድዋ ላይም ጣሊያን ቀደም ብላ ለምኒልክ በሰጠችው ጠመንጃ ተወግታለች።

«እርዳታ» የሚለው ቃልም ይመርመር። ሳጥኑ ላይ ክብደቱ እስከ ኪሎው ተጽፏል፤ ዋጋው የለም። የደርግ ዘመን የሶቭየት መሣሪያ ብዙው በብድር የመጣ ነበር፤ ሒሳቡ ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም መውደቅ በኋላ ለተከታዩ መንግሥት ተረፈ፣ ሩሲያም በኋላ ከዚያ ዕዳ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረውን ሰርዛለች።