ፈረስ ያነገሠው ሕዝብ

አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ። የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1861 ገደማ ቴክሳስ ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊቷ ሰፋ ያለ ሴት ሕፃን ልጇን እያጠባች ፊት ለፊት ትመለከታለች። ፀጉሯ እንደነገሩ አጥሮ ተቆርጧል። ፎቶግራፉን መጀመሪያ ያየሁት አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሲሆን፣ ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍ ሴትዮዋ ከቀይ ሕንዶች እጅ ነፃ የወጣች ነጭ መሆኗን ይናገራል። ነፃ የወጣ ሰው ፊቱ እንዲህ ይሆናል? ስል ራሴን ጠየቅሁ። ቆይቼ ሳነብ ፀጉሯን የቆረጠችው ለሐዘን መሆኑን ተረዳሁ። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሴትዮዋ ሲንቲያ አን ፓርከር ትባላለች። በ1836 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ኮማንቺዎችና አጋሮቻቸው የቤተሰቧን ምሽግ ወርረው አባቷንና አያቷን ገደሉ፤ እሷንም ማርከው ወሰዷት። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የቴክሳስ ታጣቂዎች ፒዝ በተባለው ወንዝ ዳር በአንድ የኮማንቺ ሰፈር ላይ አደጋ ጥለው ሲይዟት ስሟ ናዱዋ፣ ቋንቋዋ ኮማንቺ ነበር። የአለቃ ሚስትና የሦስት ልጆች እናት ሆናለች። የቴክሳስ ምክር ቤት መሬትና ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 100 ዶላር ወሰነላት። እሷ ግን ወደ ወንዶች ልጆቿ ለመመለስ ደጋግማ ጠፋች፤ ደጋግመውም መለሷት። ያቺ ጡት ላይ የምትታየው ልጇ ቶፕሳና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታምማ ሞተች። እናትየውም በ1870 ገደማ ተከተለቻት።

ለመሆኑ እነዚህ ኮማንቺዎች እነማን ናቸው? በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በሳንቲም ያየኋቸው የካውቦይ ፊልሞች እንደሚሉት ከኮረብታ ጀርባ እየጮኹ ብቅ የሚሉ አረመኔዎች? ወይስ በኋላ በመጣው ፊልምና መጽሐፍ እንደምናያቸው ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተው የኖሩ የዋሆች? ካነበብኩት ስነሣ ሁለቱም አይደሉም።

ራሳቸውን ኑሙኑ ይላሉ፤ ሰዎቹ ወይም ሕዝቡ ማለት ነው። ኮማንቺ የሚለውን ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ዩቶች ሲሆኑ፣ ትርጉሙ ከጠላት ብዙ አይርቅም። ቀድሞ በዛሬው ዋዮሚንግ አካባቢ የሾሾኒ ሕዝብ ክፍል ሆነው በእግር እየተጓዙ፣ ጓዛቸውን በውሻ እያስጎተቱ የሚኖሩ ነበሩ። በ1680 የፑዌብሎ ሕዝቦች በኒው ሜክሲኮ በስፔኞች ላይ አምፀው ሲያባርሯቸው፣ ስፔኞቹ የተዉት ፈረስ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ሰሜን ተዳረሰ። ኮማንቺዎች ያን ፈረስ ይዘው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ አፓቼዎችን ከሜዳው ገፍተው ከካንሳስ ደቡብ እስከ ቴክሳስ መሐል የተዘረጋውን የሣር ባሕር ያዙ።

ጆርጅ ካትሊን የተባለው ሠዓሊ በ1834 ሲጎበኛቸው፣ በእግራቸው ሲሄዱ ግርማ የሌላቸው ሰዎች ፈረስ ላይ ሲወጡ ሌላ ፍጥረት ሲሆኑበት ተገርሟል። ልጆች፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ ገና በአራት በአምስት ዓመታቸው መጋለብ ይለምዳሉ። ተዋጊው ከፈረሱ ጋማ ጋር በተጎነጎነ ገመድ ተንጠልጥሎ መላ ሰውነቱን በፈረሱ ጎን ይሸሽግና፣ እየጋለበ ከአንገቱ ሥር ቀስት ይወረውራል። የቴክሳስ ሰው ጠመንጃውን አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ኮማንቺው ብዙ ቀስት ይልካል። ይህ ብልጫ የተሰበረው በ1840ዎቹ የኮልት ተደጋጋሚ ሽጉጥ ሲመጣ ነው።

ኑሯቸው ደግሞ ጎሽ ነው። ሥጋውን ቋንጣ አድርገው፣ ወቅጠው፣ በሞራና በጫካ ፍሬ ለውሰው ለክረምት ያስቀምጡታል። ቆዳው ድንኳን፣ ጅማቱ ክርና የደጋን አውታር፣ ቀንዱ ማንኪያ፣ ጨጓራው የውሃ መያዣ ይሆናል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ማገዶው ኩበት ነው። ቆዳውን ፍቆ፣ በአንጎል አሽቶ የማልፋቱ አድካሚ ሥራ የሴቶች ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ብዙ ፈረስ ያለው ሰው አንዲት ሚስት አልፍታ ከምትጨርሰው በላይ ጎሽ መግደል ይችላል። ስለዚህ ሚስት ያበዛል፤ ምርኮኛም ይፈልጋል። ወደ ሜክሲኮ ጠልቀው ይዘርፉ የነበረው ለፈረስ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነው። ከምርኮኞቹ ልጅ የሆነ፣ ሚስት የሆነች፣ ተዋጊ ሆኖ የከበረ አለ። የፈረስ ጠባቂ ባሪያ ሆኖ የቀረ፣ ኮማንቼሮ ለሚባሉት የኒው ሜክሲኮ ነጋዴዎች የተሸጠም አለ። የናዱዋ ዕጣ የሁሉም ዕጣ አልነበረም።

በ2008 ፔካ ሃማላይነን የተባለ ፊንላንዳዊ የታሪክ ሊቅ ይህን ኃይል ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ብሎ ጽፎለታል። ንጉሥ ለሌለው ሕዝብ ቃሉ ይከብደኛል። ኮማንቺዎች በየነገዳቸው በሽማግሌዎች ሸንጎ እየመከሩ ያድሩ ነበር እንጂ ሁሉን የሚያዝ አለቃ አልነበራቸውም። ይህን ባለመረዳት ብዙ ደም ፈሷል። በ1840 ፔናቴካ የተባሉት ኮማንቺዎች ለዕርቅ ሳን አንቶኒዮ ሲመጡ፣ ቴክሳሶች ምርኮኞቻችንን ሁሉ ካልመለሳችሁ አሉ። አለቆቹ ሌሎቹ በእኛ እጅ አይደሉም ቢሉም ወታደሮች በሩን ዘግተው ሊይዟቸው ሞከሩ። በዚያ ቀን ከ30 የሚበልጡ ኮማንቺዎች፣ ለድርድር የመጡት አለቆች ጭምር፣ ተገደሉ።

ሆኖም ያጠፋቸው ጦርነት ብቻ አይደለም። ፈንጣጣ፣ በ1849 ደግሞ ኮሌራ ፈጃቸው። ከ1871 ወዲህ የምሥራቁ ቆዳ ፋብሪካዎች የጎሽ ቆዳ ለማሽን ቀበቶ እንደሚሆን ሲያውቁ፣ አዳኞች ሜዳውን አጥለቅልቀው በሚሊዮን የሚቆጠር ጎሽ ቆዳውን ገፍፈው ሥጋውን ለአሞራ ተዉት። በመስከረም 1874 የኮሎኔል ማኬንዚ ጦር ፓሎ ዱሮ በተባለው ጥልቅ ሸለቆ የሰፈሩትን ኮማንቺዎች፣ ካዮዋዎችና ሼየኖች በንጋት ወረረ። የሞተው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ድንኳኑና ቋንጣው ተቃጠለ፤ ከተማረኩት ፈረሶችም ከሺህ የሚበልጡት በማኬንዚ ትእዛዝ ተረሸኑ። ክረምቱ ደርሶ ነበር፤ ሰዎቹ በእግራቸው ቀሩ።

በሰኔ 1875 የመጨረሻዎቹ ነፃ ኮማንቺዎች፣ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች፣ ፎርት ሲል ወደተባለው የጦር ሠፈር ገብተው እጃቸውን ሰጡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ኳናህ የናዱዋ የበኩር ልጅ ነው። ያ ሰው በኋላ የግጦሽ ሣሩን ለነጭ ከብት አርቢዎች እያከራየ ኖረ፤ ጣራው ላይ ትልልቅ ከዋክብት የተሳሉበት ቤት ሠራ፤ ሚስቶችህን ፍታ ሲሉት እምቢ አለ። ነገር ግን በ1901 የሕዝቡ መሬት ለያንዳንዱ ሰው 160 ኤከር እየተቆረሰ ሲታደል፣ የተረፈው ለሰፋሪዎች በዕጣ ሲከፈል ሊያስቀር አልቻለም። የኮማንቺ ልጆችም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፀጉራቸው እየተቆረጠ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ። (በ1944 በኖርማንዲ የዘመተው የአሜሪካ ጦር ጠላት እንዳይሰማው የሬዲዮ መልእክቱን በዚያው ቋንቋ አስተላልፏል፤ ታንኩን ኤሊ ይሉት ነበር።)

ኳናህ በ1910 መጨረሻ የእናቱን አፅም ከቴክሳስ አስፈልሶ ኦክላሆማ ውስጥ አስቀበረ። ሦስት ወር ሳይሞላ በየካቲት 1911 እሱም ሞቶ ከጎኗ ተቀበረ። በ1957 ወታደሩ የሚሳይል መተኮሻ ሜዳውን ሲያሰፋ የሁለቱም መቃብር ተነሣና ወደ ፎርት ሲል፣ ኳናህ እጁን ወደሰጠበት ሠፈር ተዛወረ። የቶፕሳና አፅም ከቴክሳስ መጥቶ አጠገባቸው ያረፈው በ1965 ነው።